ትንፋሽ ከአሥራ አንድ ደጃፍ

በ2063 ዓ.ም. በአዳማ ከተማ ብሎክ አሥራ አራት በሚባለው ሕንፃ ከሚኖሩት ሰዎች ከየሦስቱ አንዱ አስም ነበረበት። ከሌሎቹ ሕንፃዎች የተለየ ቁጥር አይደለም። የቆቃ ሐይቅ ከሸሸ ወዲህ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚነሣው አቧራ ሁሉንም እኩል ያዳርሳል። የአቧራ ቀን ሲሆን የመንገድ መብራቶች ቀይ ይሆናሉ፤ መስኮቶች በራሳቸው ይቆለፋሉ። ነዋሪዎቹ የቁልፉን ድምፅ ሲሰሙ ሻርፓቸውን ይፈልጋሉ።

ኖላዊት ደረጄ በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሥራ ልብሷን ለብሳ ከስድስተኛ ፎቅ ትወርዳለች። ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ሦስት በሮች ታንኳኳለች። በሩን የሚከፍተው ሰው ማን እንደመጣ አይጠይቅም። ሰማያዊ የአስም ፓፉን በእጁ ይዞ፣ አንዳንዴም ገና ዓይኑ ሳይገለጥ፣ አውራ ጣቱን ከፓፉ ጀርባ ካለችው መስታወት ላይ ያሳርፋል። መስታወቷ አረንጓዴ ትሆናለች። ኖላዊት አፏን ትከፍታለች፤ ሰውየው ይጫንላታል። ወዲያው ይደግማል። ታመሰግናለች፤ ወደ ቀጣዩ በር ታልፋለች። ማታ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ሌሎች ሦስት በሮች አሉ።

ሕንፃው ውስጥ ይህን ጉርሻ ይሉታል።

ሰማያዊው ፓፍ የባለቤቱን አውራ ጣት ካላወቀ አይሠራም። በተጫኑት ቁጥር ደግሞ ለከተማው የሳንባ ጽሕፈት ቤት ያስታውቃል። በሳምንት ከስምንት ጊዜ በላይ ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ የተጠቀመ ሰው ይጠራል፤ በፓፉ አንገት ላይ ብርቱካናማ ቀለበት ይበራና እስኪቀርብ ድረስ አይጠፋም። ጥሪው ምን እንደሚያስከትል በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ነበር፤ ያነበበው ግን አልነበረም። ሰዎች ያነበቡት ያፌትን ነው። ያፌት አራተኛ ፎቅ የሚኖር፣ እንደ ኖላዊት በደረቅ ወደቡ የክሬን ኦፕሬተር የነበረ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በፊት ብርቱካናማው በራበት። በሳምንቱ ክሬኑ ላይ አልነበረም። በወሩ ሕንፃው ውስጥም አልነበረም። የት እንደሄደ የጠየቀ የለም።

ኖላዊት በክሬኑ ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ወንበሩ ከመሬት ሠላሳ ስምንት ሜትር ከፍ ይላል። መሬት ላይ ያለው ሥራ በሙሉ ለማሽኖች ከተሰጠ ቆይቷል፤ በሰው አናት ላይ ጭነት ሲያልፍ ግን የሰው ዓይን ማየት አለበት የሚለው ሕግ ስላልተሻረ ላይኛው ወንበር ለሰው ቀርቷል። ከዚያ የወረደ ሰው የሚወርድበት ሌላ ሥራ የለም። ኖላዊት አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ይህን ሁሉ ታውቃለች።

ጉርሻው የተጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት ደረጃ ላይ ነው። ጡረታ የወጡት የውሃ መሐንዲስና የሕንፃው ዕድር ዳኛ ጋሽ ናኦል ቶሎሳ፣ ኖላዊትን የደረጃውን ብረት ጨብጣ ስታፏጭ አገኟት። የምታፏጨው በደረቷ ነበር።

"ፓፍሽስ?"

"ስምንቱ... አልቋል። ሳምንቱ ገና ነው።"

ጋሽ ናኦል የራሳቸውን አወጡ፤ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው አፏ ላይ ያዙላት። አንድ ሳበች። አመስግና ልትሄድ ስትል ክንዷን ያዟት።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል። ድገሚ፣ በሞቴ።"

ደገመች። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አንድ ሰጥቷት አያውቅም።

መጀመሪያ የነበረው አንድ ደጃፍ ነው። በዓመቱ ሦስት ሆነ። አሁን አሥራ አንድ ነው። ተረኞቹ የተጻፉበት ወረቀት ጋሽ ናኦል ቤት በሩ ጀርባ ተለጥፏል፤ ወረቀት ለማንም አይናገርም። በአንድ ሰው ላይ በሳምንት ከአራት ጊዜ በላይ እንዳይደርስ ሆኖ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ጋሽ ናኦል በሥራቸው ይኮራሉ። "ዕድር ለሬሳ ብቻ ነው ያለው ማነው?" ይላሉ። "እኛ በቁም ጀምረናል።"

ከአምስተኛ ፎቅ ተረኛዋ ረድኤት ግርማ ናት። የነፋስ ተርባይን ትጠግናለች፤ የምትናገረውም ከተርባይን አናት ላይ ሆና እንደምትጣራ ነው። የራሷ አስም ቀላል ስለሆነ ሰማያዊውን ለራሷ ከነካችው ዓመት አልፏታል። ሆኖም ባለፈው ክረምት ከጽሕፈት ቤቱ መልእክት ደረሳት። የሰማያዊው አጠቃቀሟ ስለጨመረ፣ ጠዋትና ማታ ለመከላከያ የምትወስደው የቡናማው ፓፍ መጠን ከፍ እንዲል ተወስኗል።

"አየሽ አይደል?" አለቻት ኖላዊትን፣ በሩ ላይ ቆማ እየሳቀች። "አንቺ ታስያለሽ፣ እኔ እታከማለሁ!"

ኖላዊትም ሳቀች። የእሷ መልእክት የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። መዝገቧ እጅግ ጥሩ በመሆኑ ቡናማው ፓፍ እንዲቆምላት ተወስኗል፤ ጽሕፈት ቤቱ እንኳን ደስ ያለዎት ብሏል።

በነዚያ ዓመታት ኖላዊት በራሷ ላይ ያስተዋለቻቸው ነገሮች ነበሩ። ጠዋት ክሬኑን ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ደረጃው አድክሟት መሰላት። ልቧ ያለ ምክንያት ይሮጣል፤ ይህን የከፍታ ነው አለችው። ሌሊት አሥር ሰዓት ሲሆን ደረቷ ይቀሰቅሳታል፤ ቁጭ ብላ ንጋትን ትጠብቃለች። እነዚህን አንድ ላይ አድርጋ አልተመለከተቻቸውም። ጎረቤቶቿም አልደመሩም። እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ሁለት ነው።

የካቲት አሥራ አራት ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዕድሩ በምድር ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። መብራቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ቀይ ነበሩ። ኖላዊት የጠዋቱን ሦስት ደጃፍ ጨርሳለች። ስብሰባው በተጀመረ በሩብ ሰዓት ውስጥ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ወደ ላይ መሳብ ጀመረ። ጋሽ ናኦል ንግግራቸውን አቋርጠው ሰጧት፤ ሁለት። አጠገባቸው ያለው ሰው ሁለት። ከኋላ አንዲት ሴት መጥታ ሁለት። ከወዲያ ማዶም ሁለት ተሰጣት።

"ጋደም በይ" አለ አንዱ።

"መስኮት ክፈቱላት!" አለ ሌላው። መስኮቶቹ ተቆልፈዋል።

ረድኤት ለድንገተኛ ጥሪ ደውላ የኖላዊትን ስም ተናገረች። የተቀዳ ድምፅ ወዲያው መለሰ። "የኖላዊት ደረጄ መዝገብ ታይቷል። ሰማያዊውን ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀሙት ከዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ሁኔታዎ ቀላል ነው። ዛሬ የአቧራ ቀን በመሆኑ ተራዎ ሁለት መቶ አሥራ አራተኛ ነው። መልካም ቀን ይሁንልዎ።"

በዚያ ጊዜ የኖላዊት ደረት ማፏጨቱን አቆመ። አዳራሹ ተነፈሰ።

"ተመስገን" አሉ ጋሽ ናኦል። "ለቀቃት።"

ረድኤት ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ኖላዊትን አየች። የአንገቷ ሥር በተነፈሰች ቁጥር ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ከንፈሯ የአመድ ቀለም ይዟል። ድምፅ ብቻ ነው የጠፋው።

"አልለቀቃትም" አለች። "ተርባይን ድምፁ ሲጠፋ ተሠራ ማለት አይደለም። ቆመ ማለት ነው።"

ጋሽ ናኦል እንደገና ፓፋቸውን አወጡ።

"ማንም እንዳይሰጣት!" ስትል ረድኤት ጮኸች።

በዚህ ሕንፃ እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም።

"አበድሽ እንዴ ልጄ?"

"አላበድኩም ጋሼ። የእርስዎ ፓፍ አንድ ጤነኛ ሽማግሌ ነው የሚያየው። የእኔ ፓፍ እኔን ነው የሚያየው። አራት ጤነኛ ሰው ሁለት ሁለት ሳበ፤ ለዚህ ማን አምቡላንስ ይልካል? አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ሲስብ ነው የሚመጡት። ከራሷ ትሳብ።"

ኖላዊት ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ እምቢታ ነበር። "ክሬኑ..." አለች። አንድ ትንፋሽ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚችለው። "ያወ... ርዱኛል።"

ረድኤት ፊት ለፊቷ ተንበረከከች።

"ስሚኝ ኖላ። ክሬኑ ሬሳ አይቀጥርም።"

ኖላዊት ወደ ጋሽ ናኦል እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው ፓፉን እንደያዙ ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱትና ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላቸው አደረጉ። አጠገባቸው ያለው ሰው እንዲሁ አደረገ። ከኋላ ያለችው ሴትም እያለቀሰች እጇን ደበቀች። በአዳራሹ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች፣ ለስድስት ዓመት ያጎረሷትን ሴት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ተመለከቷት።

ኖላዊት ከኪሷ የራሷን ፓፍ አወጣች። አውራ ጣቷን አሳረፈች። ረድኤት ጮክ ብላ ቆጠረች። ስድስት ላይ ብርቱካናማው ቀለበት በራ፤ ወዲያውም ከፓፉ ውስጥ የሰው ድምፅ ወጣ። ይህኛው የተቀዳ አልነበረም፤ ትንሽ ጉንፋን የያዘው የሴት ድምፅ ነበር።

"ሲስተር ኢፍቱ እባላለሁ። መንገድ ላይ ነን፤ ዘጠኝ ደቂቃ። አጠገቧ ያለው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ረድኤት።"

"አታስተኟት። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ ክርኗን ጠረጴዛ ላይ ታስደግፍ። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ፈልጉ፤ ውሃውን አፍስሱና ከሥሩ በፓፉ አፍ ልክ ቅደዱት።"

ጋሽ ናኦል እጃቸውን ከኋላቸው አውጥተው በኪስ ቢላቸው ጠርሙሱን ቀደዱ። ለጡረተኛ መሐንዲስ ትንሽ ሥራ ናት፤ እጃቸው ግን ሁለት ጊዜ ሳተ።

"ፓፉን ነቅንቁትና ቀዳዳው ላይ ግጠሙት። እሷ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሯ ትያዝ። አንድ ብቻ ይጫን። አሁን በቀስታ አራት ጊዜ ትተንፍስ... ጥሩ። አሁን ሌላ አንድ። ሁለቱን አንድ ላይ አይደለም። አንድ።"

"አንድ" አሉ ጋሽ ናኦል፣ ለራሳቸው።

በአራተኛው ዙር ደረቷ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ተመልሶ ተሰማ። ሰዎቹ ደነገጡ።

"ሰማሁት" አለች ኢፍቱ። "አየር እየገባ ነው። ይህ ጥሩ ድምፅ ነው።"

ከዘጠኝ ደቂቃ ይልቅ አሥራ አንድ ፈጀባቸው። ሲደርሱ ኖላዊት ተቀምጣለች፤ ሁለት ቃል በአንድ ትንፋሽ መናገር ጀምራለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት "ጫማዬን ረገጥሽኝ" የሚሉ ነበሩ፤ ለረድኤት ነው የተነገሩት።

ሰኞ ዕለት በጤና ጣቢያው ሲስተር ኢፍቱ ወንበር ስባ ከኖላዊት አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ረድኤትና ጋሽ ናኦል ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

"ሰማያዊውን ስንት ይወስዳሉ?"

"ሁለት" አለች ኖላዊት።

"በቀን?"

"ከአንድ ደጃፍ።"

ኢፍቱ መጻፏን አቆመች። "ስንት ደጃፍ ነው ያለው?"

ጋሽ ናኦል ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። ኢፍቱ ዘርግታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። በጽሕፈት ቤቱ የማይታወቅ መዝገብ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

"በቀን አሥራ ሁለት" አለች። "ሁለት መቶ የሚይዝ አንድ ፓፍ በአሥራ ሰባት ቀን ያልቃል ማለት ነው። ሕመሙ በደንብ የተያዘለት ሰው አንዱን ለዓመት ሊያደርሰው ይችላል።"

ኢፍቱ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"ሰማያዊው የተጨበጠውን የአየር ቧንቧ ያላቅቃል። ለምን እንደተጨበጠ ግን አይጠይቅም። ቧንቧው ውስጡ አብጧል፤ እሱን ቀስ በቀስ የሚያበርደው ቡናማው ነው። ሰማያዊው አብዝቶ ሲያስፈልግ፣ እብጠቱ እየባሰ መሆኑን እየነገረን ነው። የምንቆጥረው ለዚህ ነበር። እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር?"

"ከደረጃው መስሎኝ።"

"ከመድኃኒቱ ነው። የልብዎ ሩጫም እንዲሁ። ቡናማውን ለምን ተዉት?"

"እናንተ ናችሁ ያቆማችሁልኝ። ደህና ነሽ ተብዬ።"

ኢፍቱ ግድግዳውን ወደ ተደገፉት ሁለት ሰዎች ዞረች። "ደህና የነበሩት እነዚህ ናቸው።"

"እንግዲያው እኛ ነን የገደልናት?" አሉ ጋሽ ናኦል። ድምፃቸው አንሷል።

"ኧረ ጋሼ" አለች ኖላዊት፣ "አልሞትኩም እኮ።"

ከዚያ በኋላ ነው ከቅዳሜ ጀምሮ ይዛው የቆየችውን ጥያቄ የጠየቀችው። ዓይኗን ብርድ ልብሱ ላይ አድርጋ ነበር።

"ፈቃዴ ይሰረዛል?"

"የከፍታ ፈቃድዎ? ለሦስት ሳምንት ይታገዳል። ከዚያ ይለካሉ፤ ትንፋሽዎ ልኩን ከያዘ በዚያው ቀን ይመለሳል።"

"ተሰርዞበት የሚያውቅ የለም?"

"እዚህ በሠራሁባቸው ስድስት ዓመታት የለም።"

"ያፌትስ?" አለች ረድኤት። "አራተኛ ፎቅ የነበረው?"

ኢፍቱ ሰሌዳዋ ላይ ፈለገች። ጊዜ ወሰደባት። "ተጠርቶ ነበር። አልመጣም። ሥራውን የለቀቀው በራሱ ነው።"

ጋሽ ናኦል ወረቀቱን መልሰው ተቀበሉና አጠፉት። ከዚያ አሰቡበትና ቀደዱት።

ኢፍቱ አዲስ ቡናማ ፓፍ ኖላዊት እጅ ላይ አስቀመጠች። "እስቲ እንዴት እንደሚወስዱ ያሳዩኝ።"

ኖላዊት አፏን ከፍታ ጠበቀች።

ረድኤት በሳቅ ፈነዳች። ኖላዊት ምን እንዳደረገች የገባት ቆይቶ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያጎርሳት ኖራ፣ እጇ ሥራውን ረስቶት ነበር። ከመጀመሪያው ጀመሩ። መነቅነቅ። አየሩን ሁሉ ማስወጣት። ከንፈርን አጥብቆ መግጠም። ወደ ውስጥ በቀስታ መሳብ ሲጀምሩ አንድ ጊዜ መጫን፤ መሳቡን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው መሄድ። እስከ አሥር ቆጥሮ መያዝ። ሁለተኛ ካለ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደገና መነቅነቅ። ቡናማው ደህና ሲሆኑም ቢሆን ጠዋትና ማታ ይወሰዳል፤ ከዚያ አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት ነው። ሰማያዊው ለጭንቅ ቀን በኪስ ይቀመጣል፤ ካስፈለገ ከራስ ፓፍ፣ አንድ በአንድ፤ አልበርድ ካለም ሳይዘገዩ መጥራት።

"በደጃፍ ላይ ቆመው በችኮላ የወሰዱት" አለች ኢፍቱ፣ "ግማሹ ጉሮሮ ላይ ነው የቀረው።"

"ጉርሻ አይደል" አለች ረድኤት። "ግማሹ ሁልጊዜ ጉንጭ ላይ ነው የሚቀረው።"

እገዳው ባበቃበት ቀን የልኬት ቀጠሮው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ከሕንፃው ወደ ባቡር ጣቢያው ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኖላዊት አልወረደችም። ጋሽ ናኦል ከሁለተኛ ፎቅ ወጡ፤ ሌሎች አራት ሰዎችም ከየቤታቸው ወጥተው ተከተሏቸው። ስድስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ረድኤት በሩን በሁለት እጇ እየደበደበችው ነበር።

"ኖላ! ኖላዊት! ክፈቺ!"

መልስ የለም። ጋሽ ናኦል ግድግዳውን ተደገፉ። ከሴቶቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ረድኤት በሩን በትከሻዋ ልትገፋ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ተከፈተ። ኖላዊት ቆማለች፤ ጉንጯ ላይ የትራሱ ስፌት ታትሟል፤ አንድ ዓይኗ አልተገለጠም።

"ምን ሆናችሁ?"

"አንቺ ምን ሆነሽ! ሞተሽ ነው?"

"ተኝቼ ነው" አለች ኖላዊት። ራሷም ገርሟታል። "ማንም... ምንም አልቀሰቀሰኝም።"

"ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነው!"

ኖላዊት ጮኸች። ቡናማዋን ሳትዘነጋ ወስዳ፣ አፏን ተጉመጥምጣ፣ የጫማዋን ክር ሳታስር ወጣች። ስድስቱን ፎቅ በሩጫ ወረደች፤ ረድኤት ተከተለቻት። መብራቶቹ አረንጓዴ ነበሩ። ጣቢያው ሊደርሱ ሲሉ ባቡሩ ሲገባ ታያቸው። ኖላዊት ሽቅብ የሚወጣውን የጣቢያውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጥታ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል በእግሯ ያዘችው።

"ፍጠኚ እንጂ ረዲ! ምን ያንቀራፍፍሻል? ሰዎቹ እየጠበቁ ነው፣ ባቡሩም በሩን ልቀቂ እያለ ይቆጣኛል፣ ደግሞ ዛሬ ቢያመልጠኝ ሌላ ቀጠሮ እስኪሰጡኝ ሳምንት ልቀመጥ ነው?"

ረድኤት ገባች። ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ አጎነበሰች። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፤ መናገር አልቻለችም። ቀና ብላ ኖላዊትን አየቻት፤ ከዚያ አንድ ጣቷን አንሥታ ወደ ደረጃው፣ ቀጥሎ ወደ ኖላዊት ደረት ጠቆመች።

ኖላዊት ጠቋሚውን ጣት ተከትላ ዞረች። ደረጃውን አየችው። ቆጠረችው፤ አርባ አራት ነበር። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች፤ የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ አየሩ ይገባል፣ ይወጣል።